ኬክ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎንዳንት ሲለብስ፦ ስንት ግራም ይበቃል? ከሥሩስ ምን ይቀባል?

ሌማት

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ የሚቀርብ ኬክ ፎንዳንት (ተዳምጦ ኬክ የሚለብሰው የስኳር ሊጥ) ላለብስ ነው። ክሬም መቀባት እችላለሁ፤ ፎንዳንት ግን የመጀመሪያዬ ነው። ኬኩ ክብ ነው፣ ወርዱ 20 ሴ.ሜ.፣ ቁመቱ ከነክሬሙ 10 ሴ.ሜ.። ቫኒላ ኬክ ሲሆን ለሦስት ተከፍሎ በየመሃሉ የእንጆሪ ማርማላታ ይገባበታል። ፎንዳንቱ ነጭ ነው።

ስንት ግራም ልግዛ? ከሥሩ የተመታ ክሬም ብቀባ ይሆናል? ምን ያህል ልዳምጠው? ጎኑ ላይ ሳይተጣጠፍ እንዴት ይወርዳል? ከለበሰ በኋላስ ፍሪጅ ይገባል? በዝርዝር ለምትነግሩኝ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ባለመዳመጫው

ከመጠኑ ልጀምር። የኬኩን ወርድ ያዢ፣ ፎንዳንቱ በሁለቱም ጎን ስለሚወርድ ቁመቱን ሁለት ጊዜ ደምሪበት፣ ለመያዣና ለመከርከሚያ 5 ሴ.ሜ. ጨምሪ። ላንቺ 20 + 10 + 10 + 5 = 45 ሴ.ሜ. ይመጣል። ይህን ስፋት በ4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ለመሸፈን ወደ 900 ግራም ይሄዳል፤ ስለዚህ 1 ኪሎ አዘጋጂ። የተረፈው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ፣ ከፍሪጅ ውጭ ብዙ ጊዜ ይቆያል። 700 ግራም ይዞ 45 ሴ.ሜ. ለማድረስ የሚታገል ግን ሳያስበው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያሳሳዋል፤ የሚቀደደውም ያኔ ነው።

እጃቸው የለመደ ሰዎች 3 ሚሊ ሜትር ያደርሱታል። ላንቺ ከ4 እስከ 5 ይሁን። ከ5 ካለፈ ክብደቱ ራሱ ጠርዙ ላይ ይጎትተዋል፤ የሚበላውም ሰው ልጦ ሳህን ዳር ያስቀምጠዋል። ውፍረቱን በዓይን አትገምቺ። ከግራና ከቀኝ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ረጃጅም ጠፍጣፋ እንጨቶች አስቀምጪና መዳመጫው እነሱ ላይ ይንከባለል፤ ከዚያ በታች አይወርድም። ለዚህ መዳመጫው ከ50 ሴ.ሜ. ማነስ የለበትም፣ እጀታው ላይ የሚጠብብ ሳይሆን ዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ይሁን። አጭር መዳመጫ ጫፉ ፎንዳንቱ ላይ መስመር ይተዋል፤ ያ መስመር ደግሞ ከለበሰ በኋላ አይጠፋም።

እትዬ ወለላ

የኔ ልጅ፣ የተመታውን ክሬም ተይው። ፎንዳንት አብዛኛው ስኳር ነው፣ ስኳር ደግሞ ውሃ ይስባል። ከተመታ ክሬም፣ ከክሬም አይብ ወይም ከካስታርድ ላይ ሲያርፍ እርጥበቱን እየመጠጠ ከውስጥ በኩል መቅለጥ ይጀምራል። መጀመሪያ ላዩ ማብረቅረቅ ያመጣል፣ ቀጥሎ ይንሸራተታል፣ በመጨረሻ ግርጌው ላይ ተጠራቅሞ ያብጣል። እዚያ ከደረሰ መፍትሔ የለውም።

ከሥር የሚስማማው ጋናሽ (በትኩስ ክሬም የቀለጠ ቸኮሌት) ወይም በተርክሬም (በስኳር ዱቄት የተመታ ቅቤ) ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጋናሽን እመርጥልሻለሁ፤ ሲረጋ ስለሚጠነክር እጅሽ ሲጫነው አይሰረጎድም። ልኩ በክብደት ነው፦ ጥቁር ቸኮሌት ከሆነ 2 እጅ ቸኮሌት ለ1 እጅ ክሬም፣ የወተት ቸኮሌት ከሆነ ከ2.5 እስከ 3 ለ1፣ ነጭ ከሆነ 3 ለ1፣ ሙቀት ባለበት እስከ 3.5 ለ1። ላንቺ ኬክ ልባስ 600 ግራም ጥቁር ቸኮሌትና 300 ግራም ክሬም ይበቃል፣ ለመጠጋገኛም ይተርፋል። ክሬሙ ዳር ዳሩ መፍላት ሲጀምር አውጪውና በደቃቁ የተከተፈው ቸኮሌት ላይ አፍሺው፣ 3 ደቂቃ አትንኪው፣ ከዚያ ከመሃል ጀምረሽ ቀስ እያልሽ አማስዪ። ስስ ፕላስቲክ ፊቱን አስነክተሽ ሸፍኚና ከፍሪጅ ውጭ አሳድሪው። በማግሥቱ በማንኪያ ሲነሳ ሳይፈስ የሚቆም ከሆነ ደርሷል። ካልቆመ ቸኮሌቱ አንሷል ማለት ነው፤ 50 ግራም አቅልጠሽ ጨምሪበት።

በተርክሬም ከመረጥሽ 250 ግራም ለስላሳ ቅቤ፣ 500 ግራም የተነፋ የስኳር ዱቄት፣ ወተት ከ1 የሾርባ ማንኪያ አይለፍ። ይህኛው ፎንዳንቱ ከመልበሱ በፊት ፍሪጅ ገብቶ ጠንከር ማለት አለበት።

የትኛውም ቢሆን በሁለት ዙር ይቀባል። አንደኛው ስስ ነው፣ ፍርፋሪውን ይይዛል፤ 30 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ሁለተኛው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወፈር ይበል፣ ጎኑ ቀጥ፣ አናቱ ደልዳላ ይሁን። ጎድጓዳውን ፎንዳንቱ ይሸፍንልኛል ብለሽ አታስቢ፤ 4 ሚሊ ሜትር ፎንዳንት ከሥሩ ያለውን እብጠትና ጉድጓድ ሁሉ ተከትሎ ያሳያል። ከአጠቃላይ ጊዜሽ ትልቁን ድርሻ እዚህ ላይ አጥፊ።

ሌማት

እትዬ ወለላ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ጋናሽ አደርጋለሁ። ነጭ ፎንዳንት ከጥቁር ጋናሽ ላይ ሲሆን ግን ጥላው አያሳይም?

ጠርዝ

ሜዳው ላይ በ4 ሚሊ ሜትር አያሳይም። የሚያሰጋው የላይኛው ጠርዝ ነው፤ ፎንዳንቱ እዚያ ሲታጠፍ ስለሚለጠጥ ከሁሉም ቦታ ይሳሳል። ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ የጋናሹን ጠርዝ ስለት አታድርጊው፤ ከረጋ በኋላ በጣትሽ ዙሪያውን አንዴ ዳሰስ አድርገሽ ጫፉን ብቻ ስበሪው። ስለት የመሰለ ጠርዝ ያምራል፣ ግን የመጀመሪያ ፎንዳንት እዚያው ላይ ይቆረጣል። ሁለተኛ፣ ልብሽ ካልረጋ ሁለተኛውን ዙር በነጭ ጋናሽ ቀቢው።

ሌላው የማጣበቂያው ነገር ነው። የረጋ ጋናሽ ደረቅ ስለሆነ ፎንዳንቱ በራሱ አይይዝም። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ወይም ስስ የስኳር ሽሮፕ በብሩሽ በስሱ ቀቢ። ብሩሹ ያልነካው ቦታ ከኖረ አየር እዚያ ይታቆራል፤ ጠብታ ቆሞ ከቀረ ደግሞ ፎንዳንቱ በዚያ በኩል ይሟሟል። ፊቱ በመዳፍ ሲነካ ያዝ የሚያደርግ፣ እጅ ግን የማያረጥብ ሲሆን ልክ ነው።

ሰፌድ

ማርማላታ ስላልሽ ይህን ሳታነቢ አትጀምሪ። በየንብብሩ ዳር ዳሩን በጠንካራ በተርክሬም ወይም በጋናሽ 1 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው ግድብ አዙሪ፣ ማርማላታው ከግድቡ ውስጥ ይቅር፣ ከግድቡም ከፍ አይበል። ግድብ ከሌለ ማርማላታው በጎን ይወጣና ልባሱን አርጥቦ ፎንዳንቱን ያበላሻል።

ከዚያ ደግሞ ኬኩ መቀመጥ አለበት። ተነባብሮ እንዳለቀ በስስ ፕላስቲክ ጠቅልዪው፣ አናቱ ላይ ጠፍጣፋ ሳህንና 500 ግራም የሚመዝን ነገር አስቀምጪ፣ ልባሱን ከመቀባትሽ በፊት ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ከተቻለ እስኪነጋ ይቆይ። ኬክ በራሱ ክብደት ዝቅ ይላል፤ በየመሃሉ ያለው አየርም ይወጣል። ይህ ካልተደረገ ዝቅ የሚለው ፎንዳንቱን ከለበሰ በኋላ ነው፣ የፎንዳንቱ ክብደት ተጭኖበታልና። ያኔ ወገቡ ላይ ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ እብጠት ይወጣል። ብዙ ሰው ፎንዳንቱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ያልተቀመጠው ኬክ ነው።

ኬኩ ራሱ በቅቤ የተሠራ፣ እምቅ ያለ ዓይነት ይሁን። በእንቁላል ነጭ የሚነሳ ብን ያለ ኬክ ይህን ሁሉ አይሸከምም።

ባለመዳመጫው

አሁን ወደ ማልበሱ። ቁጥር ሳልሰጠው በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ኬኩ መጀመሪያ ዝግጁ ይሁን፤ ማጣበቂያው ተቀብቶ፣ በሚሽከረከር ማቆሚያ ላይ ተቀምጦ፣ ማለስለሻውና (የፎንዳንቱን ፊት የሚደለድለው እጀታ ያለው ጠፍጣፋ መሣሪያ) ስፒሉ በቅርብ። ፎንዳንት ተዳምጦ ጠረጴዛ ላይ እየጠበቀ ሌላ ነገር አይፈለግም፤ ከተዳመጠበት ጊዜ ጀምሮ ፊቱ እየደረቀ ነው።

ፎንዳንቱን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ እሺው። ጠንካራ ከሆነ ማይክሮዌቭ ውስጥ 5 ሰከንድ፣ ካልበቃም ሌላ 5። ከዚያ በላይ ከሆነ መሃሉ ይቀልጣል። እጅሽን በጣም ጥቂት የረጋ የአትክልት ቅባት ቀቢ። በሁለት እጅ ሲሳብ ተለጥጦ የሚሳሳ ከሆነ ደርሷል፤ ወዲያው ቁርጥ የሚል ከሆነ ገና ነው ወይም ደርቋል።

ድቡልቡል አድርገሽ እጥፋቱ ያለበትን ከታች አዙሪ፣ በመዳፍሽ ጠፍጠፍ አድርጊው፣ ከመሃል ወደ ውጭ ዳምጪ። በየሁለት ሦስት ግፊት አንስተሽ ሩብ ዙር አሽከርክሪው፤ አለዚያ ክቡ ይሞላላል፣ ከጠረጴዛውም ይጣበቃል። ፊቱን አትገልብጪው፤ ላይ የነበረው ላይ ይቅር። 45 ሴ.ሜ. ሲደርስ ጎንበስ ብለሽ በብርሃን እዪው፤ ጥቃቅን የአየር አረፋ ካለ አሁን በስፒል ወግተሽ በማለስለሻ ደልድዪ።

ስታነሺው በመዳመጫው ላይ ግማሹን ጠቅልለሽ ነው። ጫፉን ከኬኩ ግርጌ ትንሽ አሳልፈሽ አስነኪና መዳመጫውን ወደ ራስሽ እየፈታሽ አልብሺው። ከለበሰ በኋላ መጎተት የለም፤ መሃሉ ላይ ካልተቀመጠ አጭር ሆኖ የሚቀረውን ጎን በኋላ መሙላት አይቻልም።

እዚህ ላይ ነው ፍጥነት የሚያስፈልገው። መጀመሪያ አናቱን ከመሃል ወደ ዳር በመዳፍሽ አስተኚው፣ አየሩ ይውጣ። ወዲያው፣ ምንም ሳታዘገዪ፣ የላይኛውን ጠርዝና ከእሱ በታች ያለውን 2 ሴ.ሜ. ዙሪያውን በመዳፍሽ ጎን እያሻሸሽ አጣብቂ። ጠርዙ ካልተያዘ የጎኑ ክብደት ተንጠልጥሎ ይጎትተውና እዚያው ይሰነጠቃል።

ከዚያ ጎኑ። ግርጌው ላይ ፎንዳንቱ እንደ ዘርፍ ተጣጥፎ ታያለሽ። እጥፋቱን ወደ ታች አትጫኚው። በአንድ እጅሽ የዘርፉን ጫፍ ይዘሽ ከኬኩ ወደ ውጭ ራቅ፣ ገለጥ አድርጊው፤ እጥፋቱ ሲከፈት በሌላው እጅሽ መዳፍ ከላይ ወደ ታች አስተኚው። አንድ መዳፍ ስፋት ብቻ፣ ከዚያ ማቆሚያውን አዙሪ፣ ቀጥሎ ያለውን። ዙሪያውን አንድ እጅ ያህል ከጨረስሽ በኋላ ወደሚቀጥለው ዝቅታ ውረጂ። አንዱን ጎን እስከ ግርጌ ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ትርፉ ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ይጠራቀምበታል፤ ያ ትልቅ እጥፋት አይተኛም።

ግርጌው ሲደርስ 2 ሴ.ሜ. ትተሽ በፒዛ መቁረጫ ከርክሚ፣ ክብደቱ ይቀንሳል። ከዚያ ማለስለሻውን አናትና ጎን ላይ አሽከርክሪ፣ ግርጌውን በማለስለሻው ጫፍ አጥብቂ፣ በመጨረሻ በስለታም ቢላ ጥግ ጥጉን ቁረጪ። ከማንሳት እስከዚህ ድረስ 10 ደቂቃ ቢበዛ።

ሰፌድ

ባለመዳመጫው ጠረጴዛው ላይ ስለሚነሰነሰው አልተናገረም። የስኳር ዱቄት ይነስነስ፤ የበቆሎ ስታርች ቢሆን አልመክርም። ስታርች እርጥበት ስለሚመጥ ፎንዳንቱን ያደርቀዋል፣ ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን መስመር ይሠራል፤ የዝሆን ቆዳ የሚባለው እሱ ነው።

ጠርዝ

በዚህ አልስማማም። አየሩ እርጥብ ሲሆን የስኳር ዱቄት ራሱ ይረጥብና ፎንዳንቱን ከጠረጴዛ ጋር ያጣብቀዋል፤ ያኔ ስታርች ይሻላል። ችግር የሚሆነው ብዛቱ ነው። ስታርቹን በስስ ጨርቅ ቋጥሮ ጠረጴዛውን መታ መታ ማድረግ ይበቃል። አየሩ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ይቅሩና ጠረጴዛው በስሱ የአትክልት ቅባት ይቀባ። ጥቁር ወይም ቀይ ፎንዳንት ከሆነ ሁልጊዜ ቅባት፤ ነጭ ብናኝ ካረፈበት ያስታውቃል።

እትዬ ወለላ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ እንደ አየሩ ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነና ፎንዳንቱ እየታሸ ከተሰነጠቀ ለ500 ግራም 1 የሻይ ማንኪያ ግሊሰሪን ይግባበት። እርጥብ ከሆነና እጅ ላይ ከተጣበቀ ለ500 ግራም ሩብ የሻይ ማንኪያ ሲኤምሲ (ፎንዳንት የሚያጠነክር የምግብ ሙጫ) ዱቄት ታሽቶበት 30 ደቂቃ ይረፍ። ሲኤምሲው ከዚያ እጅግ ካለፈ ቶሎ ይደርቃል፤ ለአበባና ለቅርጽ ይሆናል እንጂ ለልብስ አይሆንም።

አንዳንዶች ኬኩን ከወርዱ ጠበብ ያለ ቆርቆሮ ላይ ሰቅለው ዘርፉ ከግርጌው በታች እንዲንጠለጠል ያደርጋሉ። እጥፋቱን ራሱ ክብደቱ ስለሚያወርደው ለ10 ሴ.ሜ. ቁመት ደህና ነው፤ 15 ሴ.ሜ. ለሚሆን ረጅም ኬክ ግን ክብደቱ ጠርዙን ይቀደዋል። የኔ ልጅ፣ አንቺ ለዚህኛው ጠረጴዛ ላይ ብትሠሪ ይሻልሻል።

ሌማት

ተቀድዶ ወይም አረፋ ሠርቶ ቢገኝ ግን ምን ላድርግ? ላውልቀው?

ሰፌድ

እንደ ቦታው ነው። ጠርዙ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከሆነ ጣትሽን ቅባት አስነክተሽ በክብ እንቅስቃሴ ቶሎ ቶሎ እሺው፤ ገና ሞቅ ያለ ስለሆነ ይገጥማል። በጣም በተቀደደ ቦታ ላይ ግን አትሺው፣ ይሰፋል። ጥቂት ፎንዳንት በጠብታ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ለቅልቀሽ ሊጥ አድርጊው፣ ስንጥቁን ሙዪ፣ ትርፉን በእርጥብ ጣት ጥረጊ። ያ ጎን ወደ ኋላ ይዙር ወይም ጌጥ ይረፍበት።

የአየር አረፋ ከሆነ ስስ ንጹሕ ስፒል በአግድም አስገቢ፣ ቀጥ አድርገሽ አትውጊው። አየሩን በጣትሽ ወደ ቀዳዳው ግፊ፣ ሲተኛ በማለስለሻ አንዴ እለፊበት። ቀዳዳውን ለአረፋው ቅርብ ጎን ላይ አድርጊ፣ መሃሉ ላይ ከሆነ ያስታውቃል። አረፋው በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ከመጣ ውስጡ አየር አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከፍሪጅ እንደወጣ የለበሰ ኬክ ሲሞቅ አየሩ ስለሚሰፋ ነው። ስለዚህ ጋናሽ የተቀባው ኬክ ሲለብስ የክፍሉን ሙቀት ይዞ መሆን አለበት።

አናቱ ላይ ትልቅ ቅድ ከወጣና ገና ጎኑን ካላስተኛሽ ማውለቅ ይቻላል፤ ግን ጋናሽ የነካውን ቦታ ቆርጠሽ ጣይና እንደገና እሺ፣ አለዚያ ነጩ ይቆሽሻል። 1 ኪሎ ግዢ የተባለውም ለዚህ ጭምር ነው።

ጠርዝ

ስለ ፍሪጅ ጠይቀሽ ማንም አልመለሰልሽም። ጋናሽና ማርማላታ ብቻ ከሆነ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ፣ በካርቶን ሳጥን ውስጥ እስከ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ፍሪጅ አያስፈልገውም። ከፍሪጅ ሲወጣ የክፍሉ እርጥበት ቀዝቃዛው ፊት ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ፎንዳንቱ ያልበዋል፣ ይጣበቃል፤ ደማቅ ቀለም ካለበት ወደ ነጩ ይፈሳል።

እትዬ ወለላ

ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ግን ጋናሹ ከሚለሰልስ ፍሪጅ ይግባ። በፕላስቲክ ክዳን ሳይሆን በካርቶን ሳጥን፤ ካርቶኑ እርጥበቱን ይወስዳል። ስታወጪው ሳጥኑን ሳትከፍቺ 2 ሰዓት ያህል አቆዪው፣ ጤዛው ሳጥኑ ላይ ይሁን። ካላበው ደግሞ አትጥረጊው፣ አትንኪውም። ነፋሻ ቦታ ሲቆም በራሱ ይደርቃል፤ የተነካው ብቻ ነው ምልክት የሚቀርበት።

ሌማት

ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ። አንድ የመጨረሻ፦ የተዘጋጀ ፎንዳንት ካጣሁ ቤት መሥራት ይቻላል?

ባለመዳመጫው

በማርሽማሎ ይሠራል። 450 ግራም ነጭ ማርሽማሎና 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ማይክሮዌቭ ውስጥ በየ30 ሰከንዱ እያወጣሽ እያማሰልሽ አቅልጪ። 900 ግራም የተነፋ የስኳር ዱቄት አዘጋጂ፤ ሦስት አራተኛውን ጨምረሽ በማንኪያ ለውሺ፣ ከዚያ እጅሽንም ጠረጴዛውንም በረጋ የአትክልት ቅባት በደንብ ቀብተሽ የቀረውን እያስገባሽ እሺ። ሁሉንም ላይፈልግ ይችላል፤ እጅ ላይ መጣበቅ ሲተው አቁሚ። ዱቄቱ ካልተነፋ እንክብሉ ሲዳመጥ ፊቱን እየጫረ ቀዳዳ ያወጣል። በፕላስቲክ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ እስኪነጋ ይረፍ፣ በዕለቱ ቢዳመጥ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። ከተገዛው ይልቅ ለስላሳ ነው፣ ይበልጥም ይለጠጣል፤ ስለዚህ 5 ሚሊ ሜትር ላይ አቁሚው። ንጣቱም ወደ ክሬም ቀለም ያደላል፤ ፍጹም ነጭ ከተፈለገ የተገዛው ይሻላል።

ጠርዝ

ቀለም የምትጨምሪ ከሆነም ጄል ይሁን፤ ፈሳሽ ቀለም ፎንዳንቱን ያለሰልሰዋል። በስንጥር ጫፍ ጀምሪና ከምትፈልጊው አንድ ደረጃ ፈዘዝ ሲል አቁሚ፣ ሲያድር ይደምቃል። ቀይና ጥቁር ከሆነ ቀለም የገባበትን ግዢ፤ ነጩን እስከዚያ ለማድረስ የሚገባው ጄል ብዛት ፎንዳንቱን ያጣብቀዋል፣ ሲበላም ይመርራል።

ሰፌድ

ስለ ግርጌውም አስቢ። ከርክመሽ ከጨረስሽ በኋላ ኬኩና ሰሌዳው መሃል ስስ ክፍተት ይኖራል። ከተረፈው ፎንዳንት 8 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ክብ ክብ ፍሬዎች አድቦልቡለሽ በውሃ ጠብታ ዙሪያውን ደርድሪበት ወይም 2 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው የፎንዳንት ጥብጣብ አዙሪበት። ጥብጣቡ ሲገናኝ ሁለቱን ጫፍ ደራርበሽ በአንድ ስለት ቁረጪና ትርፉን ከላይም ከታችም አንሺ፤ መገጣጠሚያው አይታይም። ውሃው እንዳይበዛ፣ ወደ ሰሌዳው ከወረደ ምልክቱ ይቀራል።